በሥራ ቦታ በፆታ ማንነት ላይ ጠብ ሲነሳ፦ ለሱፐርቫይዘሮችና ለአሠሪዎች የአሠራር መመሪያ

አንድ ሠራተኛ ይመጣና «ከሰኞ ጀምሮ በሴት ስም ነው የምጠራው፤ የምለብሰውም እንደ ሴት ነው» ይላል። በዚያው ሳምንት ሌላዋ ትመጣና «እኔ ሃይማኖት አለኝ፤ እንደዚያ ብዬ መጥራት አልችልም» ትላለች። ሦስተኛው የልብስ መቀየሪያው ክፍል ነገር አሳስቦታል። አራተኛው ምንም አላለም፤ ግን በሠራተኞቹ ግሩፕ ላይ ቀልድ ለጥፏል። ሁሉም የሚያዩት እርስዎን ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትል ብዙ የእኛ ሰዎች በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በሆስፒታል፣ በሆቴልና በፓርኪንግ ይሠራሉ። ከመካከላችን ሺፍት የሚመሩ፣ ስኬጁል የሚያወጡ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት የከፈቱም ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ታዲያ ሁለት ነገር ይቀናናል። አንደኛው «ራሳቸው ይጨርሱት» ብሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛው በድንጋጤ ወይም በንዴት በአንድ ቀን መወሰን ነው። ሁለቱም ሰው ይጎዳሉ፤ ሁለቱም ፍርድ ቤት ያደርሳሉ።

ፈላስፎች ስለ ትክክልና ስህተት ያነሷቸው ሐሳቦች እዚህ ጋ በጣም ይጠቅማሉ። ፍርዱን አይሰጡልዎትም። ግን እያንዳንዱ ሐሳብ እርስዎ ሊያልፉት የነበረን አንድ ጥያቄ በግድ ያስጠይቅዎታል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ጥያቄዎቹን ሳያልፉ ውሳኔ ላይ ለመድረስ ነው። እኔ አጥብቄ የምይዘው አንድ ነገር አለ፦ የሠራተኛን እምነት ከሠራተኛ ድርጊት መለየት። ከዚህ ጠብ ውስጥ አብዛኛው የሚፈታው እዚያ ላይ ነው።

ሐሳቦቹን የምንሞክርበት እውነተኛ ጉዳይ ያስፈልገናል። ኤሚ ስቲቨንስ በሚሺጋን ስቴት፣ ዲትሮይት አጠገብ ባለችው ጋርደን ሲቲ፣ ሃሪስ በሚባል የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ውስጥ ትሠራ ነበር። አስከሬን ታዘጋጃለች፤ የቀብር ሥነ ሥርዓት ትመራለች። ስትቀጠር የምትታወቀው በወንድነት ነበር። ወደ ስድስት ዓመት ገደማ ከሠራች በኋላ በጁላይ 2013 ለባለቤቱ ለቶማስ ሮስት ደብዳቤ ሰጠችው። ከእረፍት ስመለስ እንደ ሴት ለብሼ እመጣለሁ፤ ለሥራው የሚገባውን ልብስ እለብሳለሁ የሚል ነው። ሮስት ሁለት ሳምንት ያህል ቆየና አሰናበታት። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ነገሩን ከሥሩ ይስሙ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። አንድ ወረቀት ይውሰዱና ለሦስት ይክፈሉት። በመጀመሪያው ላይ የሆነውን ነገር ብቻ ይጻፉ፤ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን አለ። «አስቸጋሪ ሰው ነው» የሚል ነገር እዚህ አይገባም። በሁለተኛው ላይ እያንዳንዱ ሰው ምን እንደጠየቀ ይጻፉ። በሦስተኛው ላይ ምን እንደሚፈራ ይጻፉ።

ሦስተኛውን አይናቁት። የሃሪስን ጉዳይ በዚህ ወረቀት ላይ ቢያወርዱት ነገሩ ወዲያው ይታያል። ስቲቨንስ የጠየቀችው የሴቶቹን የሥራ ልብስ ለብሳ መምጣት ነው። ሮስት እምነቱን እንዲቀይር አልጠየቀችም። ሮስት የፈራው ደግሞ ሐዘን ላይ ያሉ ቤተሰቦች ይረበሻሉ፣ እኔም በእግዚአብሔር ፊት እጠየቃለሁ ብሎ ነው። የተጠየቀውና የተፈራው ነገር የተለያየ ነው። ብዙ ጊዜ ሰዎች የሚጣሉት ማንም ባልጠየቀው ነገር ላይ ነው።

ሰዎቹን ለየብቻ ያነጋግሩ። በእኛ ልማድ ሁለቱን አንድ ክፍል አስቀምጦ ሽማግሌ መካከል ላይ ይገባል። ጥሩ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን በእሱ አይጀምሩ። አንደኛው ሰው ገና ለማንም ያልነገረውን ነገር በሰው ፊት እንዲያወጣ ማስገደድ ይሆናል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቅርቡ፤ ለሁሉም እኩል ጊዜ ይስጡ፦

«ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ? ከመቼ ጀምሮ?»
«ሥራዎን እንዳይሠሩ የሚያደርግዎት የቱ ነው?»
«ከነገሩኝ ውስጥ ለሌላ ሰው ልናገር የምችለው የቱን ነው?»

ስለ ሰውነት፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ቀዶ ጥገና አይጠይቁ። ለሥራው ምንም አያደርግልዎትም። እምነት ያነሳችውን ሠራተኛም «ይሄ የት ተጽፏል?» ብለው አይመርምሯት። የእርስዎ ሥራ የሁለቱንም ልብ መመርመር አይደለም።

ደረጃ 2፦ ሕጉን ይወቁ

ሕግ ዝቅተኛው ወለል ነው። ከሱ በታች መውረድ አይቻልም፤ ከሱ በላይ ያለውን ግን ሕሊናዎ ይወስናል። ስለዚህ ከፍልስፍናው በፊት ወለሉ የት እንዳለ ይወቁ።

በአሜሪካ ዋናው ሕግ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፤ ሰባተኛው ክፍል፣ ታይትል 7 የሚባለው። 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ይመለከታል። በዘር፣ በቆዳ ቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታ፣ በትውልድ አገር ማዳላትን ይከለክላል። ጁን 15 ቀን 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የስቲቨንስን ጉዳይ ከሌሎች ሁለት ጉዳዮች ጋር አይቶ፣ ሰውን ትራንስጀንደር (የፆታ ማንነቱ ሲወለድ ከተመዘገበለት ፆታ የተለየ) በመሆኑ ማባረር በፆታ ማዳላት ነው ሲል 6 ለ 3 ወሰነ። ውሳኔውን የጻፉት በፕሬዚዳንት ትራምፕ የተሾሙት ዳኛ ኒል ጎርሰች ናቸው። ፍርድ ቤቱ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ አለባበስ ደንብ ግን አሁን አልወስንም ብሎ ትቶታል። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ የፌዴራል መንግሥቱ አቋም ተቀይሯል። ውሳኔው ግን አልተሻረም። የስቴት ሕግም አለ፦ ሚኒሶታ ከ1993፣ ሜሪላንድ ከ2014፣ ቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ በፆታ ማንነት ማዳላትን ይከለክላሉ፤ ዲሲም እንዲሁ። «እኔ 15 ሠራተኛ የለኝም» ብለው አይዘናጉ፤ የስቴቱ ቁጥር ሊያንስ ይችላል።

አሁን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «ፆታ» የሚለው ቃል ያለበት ያው አንቀጽ ውስጥ «ሃይማኖት» እና «ትውልድ አገር» አሉ። ለስቅለት ፈቃድ የምትጠይቀውን፣ ሒጃብ የምትለብሰውን፣ በአማርኛ ቅላጼው የሚቀለድበትን ሠራተኛ የሚጠብቀው ይኸው አንቀጽ ነው። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ይህን አጠንክሮታል። አሠሪው የሃይማኖት ጥያቄን እንቢ ማለት የሚችለው ለድርጅቱ ከባድ ጫና መሆኑን ሲያሳይ ነው። ስለዚህ እምነቷን ያነሳችውን ሠራተኛ «ዝም በይ» ብሎ መመለስም ሕግ መጣስ ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝ ላላችሁ ዝርዝሩ ይለያል። የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ፆታውን የሚቀይርን ሰው በስሙ ጠቅሶ ይጠብቃል። በኤፕሪል 2025 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያ ሕግ ውስጥ «ፆታ» ማለት ሥነ ሕይወታዊ ፆታ ነው ብሏል። ጥበቃው ግን እንዳለ ነው። በ2021 ደግሞ የሥራ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ፆታ አይቀየርም የሚለውን እምነት ራሱን ሕጉ ይጠብቀዋል ብሎ ወስኗል፤ ይህ ማለት ግን ባለእምነቱ ሰው ላይ እንዳሻው መናገር ይችላል ማለት እንዳልሆነ አክሎ።

ደረጃ 3፦ ጉዳቱን ይቁጠሩ፤ ሲቆጥሩ ግን ይመዝኑ

ጄረሚ ቤንታምና ጆን ስቱዋርት ሚል ያስተማሩት ሐሳብ ሲጠቃለል ቀላል ነው፦ ከሚቻሉት መንገዶች ለሚነካቸው ሰዎች ሁሉ የተሻለ ውጤት የሚያመጣውን ምረጥ፤ ሲቆጠርም ማንም ከማንም አይበልጥም። ለሥራ ቦታ ይህ ማለት ዝርዝር ማውጣት ነው። ማን ይነካል? ምን ያህል? ለምን ያህል ጊዜ? የሚሆነው በእርግጥ ነው ወይስ በግምት?

በሃሪስ ጉዳይ ማሰናበት የሚለውን አማራጭ እንመዝነው። ስቲቨንስ ደመወዟንና በሥራዋ በኩል የነበራትን የጤና መድን ታጣለች። ይህ እርግጠኛ ነው፤ የሚጀምረውም ወዲያው ነው። በሌላ በኩል ያለው የሐዘንተኞች መረበሽ ነው። እሱ ግምት ነበር። የተባረረችው ገና ወደ እረፍት ሳትወጣ፣ እንደ ሴት ለብሳ አንድ ቀን እንኳ ሳትሠራ ነው፤ ማንም ቤተሰብ አላያትም። ሮስት በግምት ላይ ያለን ጉዳት ለማስቀረት እርግጠኛውን ጉዳት መረጠ። ሦስተኛ መንገድም አልሞከረም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እጅ በመቁጠር ነው። «ሃያ ሰው አልተመቸውም፣ እሷ አንድ ናት» ይባላል። አለመመቸትና እንጀራ ማጣት ግን አንድ ሚዛን ላይ አይወጡም። ሚል በ1859 አጥብቆ የተከራከረው ለዚህ ነው። ሰው የሌላው ኑሮ ስላላስደሰተው ብቻ ተጎዳ አይባልም።

ይሁንና የእምነት ሰዋን፣ ማለትም በሃይማኖቷ ምክንያት እንደዚያ ብዬ አልጠራም ያለችውን ሠራተኛ፣ ስሜት ከዝርዝሩ አይሰርዙ። ለእሷ ነገሩ አለመመቸት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የሕሊና ነገር ነው። ጻፉት። ክብደቱን በኋላ እናየዋለን።

ገንዘቡንም ይጻፉ፤ ነውር የለውም። ሃሪስ በመጨረሻ ጉዳዩን 250,000 ዶላር ከፍሎ ዘጋው፤ 130,000ው ለስቲቨንስ ወራሾች፣ 120,000ው ለጠበቆቿ ድርጅት ወጪ ነው። ለወራሾች የምለው ስቲቨንስ ውሳኔውን ሳታይ ስለሞተች ነው። በኩላሊት ሕመም በሜይ 12 ቀን 2020 አረፈች። ፍርዱ የመጣው ከአንድ ወር በኋላ ነው።

ደረጃ 4፦ ምክንያትዎን የሁሉም ደንብ ያድርጉት

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ጊዜ ይስጡት። አማኑኤል ካንት በ1785 ያቀረበው ፈተና ነው። ልትሠራበት ያሰብከውን ምክንያት ሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ፣ በሁሉም ላይ እንዲሠራበት ትፈቅዳለህ? ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ሰውን መጠቀሚያ ብቻ አታድርገው ይላል።

እንግዲህ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። አሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ይኼ ነው፦ «እኔ ችግር የለብኝም፤ ደንበኞቼ ግን አይወዱትም»። ጥሩ። ደንብ እናድርገው፦ አሠሪ ደንበኛ ያልወደደውን ሠራተኛ ማግለል ይችላል።

በኢንዲያና ስቴት ባለ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ብሬንዳ ቼኒ የምትባል ጥቁር ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ትሠራ ነበር። በየቀኑ የሚሰጣት የሥራ ድልድል ወረቀት ላይ፣ በአንዲት ነዋሪ ስም ትይዩ፣ ጥቁር ሲኤንኤ እንደማትፈልግ ተጽፏል። ቼኒ ሥራዋን እንዳታጣ ትእዛዙን አከበረች። አንድ ቀን ያቺ አሮጊት መሬት ላይ ወድቃ፣ መነሳት አቅቷት አገኘቻት። ልታነሳት አልተፈቀደላትም። ነጭ ሲኤንኤ ፍለጋ ሕንጻውን መዞር ነበረባት። መንከባከቢያው የነዋሪዎችን ምርጫ ማክበራችን ነው ብሎ ተከራከረ። በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም።

በአረጋውያን መንከባከቢያ የሠራችሁ ይህን ወረቀት ሳታዩት አትቀሩም። በቃልም ቢሆን ሰምታችሁታል። «ደንበኛ አይወድም» የሚለው ደንብ ዛሬ በስቲቨንስ ላይ ቢሠራ ነገ የሚሠራው በማን ላይ እንደሆነ እናውቃለን። የስቲቨንስን ጉዳይ በ2018 ያየው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ደንበኞች ሊኖራቸው ይችላል የተባለ ጥላቻ ለማባረር ምክንያት አይሆንም ብሏል። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1971 ፓን አሜሪካን አየር መንገድ ተሳፋሪዎቼ ሴት አስተናጋጅ ነው የሚወዱት ብሎ ወንድ አልቀጥርም ሲል ተመሳሳይ መልስ አግኝቷል።

አሁን ሁለተኛውን ምክንያት ይፈትኑ፦ «ዝም ካልኩ ማጽደቄ ነው፤ እኔ ደግሞ በእምነቴ አላጸድቅም»። ይህ ከልብ የሚመጣ ምክንያት ነው። ብዙዎቻችን ጋ አለ። ሮስትም ያቀረበው ይህንኑ ነው፤ በ2016 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተቀብሎት ነበር። ይግባኝ ሰሚው ግን አንድን ሠራተኛ እንዲሠራ መተው ስለ ራሱ ያለውን አመለካከት መደገፍ አይደለም ብሎ ሻረው። ለእኛ ይህን መረዳት ከባድ አይደለም። ጾመኛ ሱፐርቫይዘር በዓቢይ ጾም ሥጋ የሚበላን ሠራተኛ ስኬጁል ውስጥ ሲያስገባ ጾሙን አልገደፈም።

የካንት ሁለተኛ ክፍል በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ሠራተኛዋን ለደንበኛ ምቾት ሲባል ማስወገድ እሷን መጠቀሚያ ማድረግ ነው። የእምነት ሰዋን ደግሞ «ድርጅታችን ዘመናዊ ነው» ለማሰኘት ሰብስቦ ስለምታምነው ነገር እንድትናገር ማስገደድም መጠቀሚያ ማድረግ ነው። ሁለቱንም አያድርጉ።

ደረጃ 5፦ የትኛው ወገን እንደሚሆኑ ሳያውቁ ይወስኑ

ጆን ሮልስ በ1971 ያመጣው ሐሳብ አጭር ሙከራ ነው። ነገ ጠዋት ስትነሱ ከዚህ ጠብ ውስጥ ማንን እንደምትሆኑ አታውቁም። ስቲቨንስን ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሮስትን፣ የእምነት ሰዋን፣ ሐዘንተኛውን ልጅ ልትሆኑም ትችላላችሁ። ምን ዓይነት ደንብ ይሻላችኋል?

ሙከራውን የምወድለት አንድ ጥቅም አለው። የቆዩ አድልዎችን ያወጣል። የሃሪስ ድርጅት ለወንድ ሠራተኞቹ ሙሉ ልብስ ይገዛ ነበር፤ ለሴቶቹ ግን እስከ 2014 ድረስ ምንም አይሰጥም። ስለ ስቲቨንስ ክርክር ሲነሳ ይህም አብሮ ወጣ። የእርስዎም መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድን ጠብ ሲመረምሩ ከሱ በፊት የነበረ ሌላ ነገር ያገኙ ይሆናል። አብረው ያስተካክሉት።

ደረጃ 6፦ አያያዝዎን ይመልከቱ

አሪስጣጣሊስ የሚጠይቀው ስለ ውሳኔው ብቻ አይደለም። ደግ፣ ደፋርና አስተዋይ ሰው ይህን ነገር እንዴት ይይዘዋል ነው ጥያቄው። ድፍረት በፈሪነትና በግብታዊነት መካከል ነው ይላል። የሥነ ልቦና ምሁሯ ካሮል ጊሊጋን ደግሞ በ1982 ሌላ ጨመረች፤ ከደንቡ ጎን ለጎን የሰዎቹን ግንኙነት ተመልከት፣ ነገ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

በተግባር እነዚህ ናቸው። ምላሽ ለመስጠት ቀን ይቁረጡ፤ «እያሰብንበት ነው» ብለው ሰውን አያንጠልጥሉ። ግሩፑ ላይ የተለጠፈውን ቀልድ በዚያው ቀን ያስነሱ፤ የለጠፈውን ለብቻው ጠርተው ያነጋግሩት። ማንንም በእረፍት ክፍል፣ ቡና ላይ፣ በአማርኛም ቢሆን አይሙ። «እነሱ አይሰሙም» ይባላል፤ የሚሰማ አይጠፋም። እምነቷን ያነሳችውን ሴትም «ኋላቀር» ብሎ ማንም እንዳይጠራት ይከላከሉላት። ለአንዱ ክብር ሲሉ ሌላውን ማራቆት የለብዎትም።

ደረጃ 7፦ ሐሳቦቹ የሚጋጩበትን ቦታ ይለዩ

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይጠቁማሉ። ማባረር፣ ማግለል፣ ማዋረድ አይቻልም። ከዚህ በኋላ ግን ይለያያሉ።

የመጀመሪያው የአጠራር ጉዳይ ነው። ስም ላይ እኔ አልጠራጠርም። ሠራተኛው በመረጠው ስም ሁሉም ይጥራው። ባጁ ላይ፣ ስኬጁሉ ላይ፣ ኢሜይሉ ላይ ይቀየር። ብዙ ሰው በቅጽል ስሙ ሲጠራ መታወቂያ አምጣ አንልም። የደመወዝና የግብር ወረቀት በሕጋዊ ስም ይቀጥላል።

ክርክሩ ያለው «እሱ» እና «እሷ» ላይ ነው። ጉዳትን የሚቆጥረው ሐሳብ በየቀኑ በስህተት መጠራት የሚያደርሰውን ያያል፤ ሁሉም ይጥራ ይላል። ካንት ግን ሁለት ቦታ ይቆማል። ሰውን ማክበር ግዴታ ነው። ውሸት መናገርም ለእሱ ጭራሽ አይፈቀድም፤ የእምነት ሰዋ ደግሞ ውሸት እንድናገር ተጠየቅሁ ነው የምትለው። ሮልስ ወደ ሁለቱም ጫማ ያስገባናል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ማንም እንዲያምን አይገደድ። ማንም ደግሞ ሌላውን ለማቁሰል አፉን አይክፈት። የሕሊና ችግር አለብኝ ያለች ሠራተኛ በስም ብቻ ትጥራ። ግን ይህን ስታደርግ የምትለየው አንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን፤ ሁሉንም በስማቸው ትጥራ። ፊቷን እያጠቆረች ከሆነ መንገዱ አልሠራም ማለት ነው። ከተነገራት በኋላ ሆን ብላ «እሱ» እያለች ከደጋገመች ያ እምነት መሆኑ ቀርቶ ትንኮሳ ይሆናል። በዲሲ ደንብም ሆን ተብሎ የሚደረግ የተሳሳተ አጠራር የትንኮሳ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ምላስ ያመለጣቸውን ግን ይለዩ። ይቅርታ ብለው ካስተካከሉ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ሁለተኛው የመጸዳጃ ቤትና የልብስ መቀየሪያ ክፍል ነው። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያልና ጠበቃ ይጠይቁ። አሠራሩን በተመለከተ ግን አንድ ሰው ብቻ የሚገባበት፣ የሚቆለፍ ክፍል ካለ ለማንኛውም ሠራተኛ ክፍት ያድርጉት። ማንንም በግድ ወደዚያ አይላኩ። ግላዊነት የፈለገ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይጠቀምበት። መጋረጃና ቁልፍ መግጠም ከክስ ይረክሳል።

ሦስተኛው በእንክብካቤ ሥራ ውስጥ ያላችሁን ይመለከታል። ታማሚው ሲታጠብ የሚያጥበውን ሰው ፆታ ሊመርጥ ይችላል። የቼኒን ጉዳይ ያየው ፍርድ ቤት ራሱ ይህን ከዘር ምርጫ ለይቶታል። ራቁት ሰውነት ላይ ያለ ግላዊነት የራሱ ክብደት አለው ብሏል። ስለዚህ ጥያቄው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ይጠይቁ። ገላ ማጠብ ከሆነ ድልድሉን በጸጥታ ያስተካክሉ። ምግብ ማቅረብና መድኃኒት መስጠት ከሆነ አያስተካክሉ። ወረቀት ላይ ደግሞ የማንንም ስም የሚያዋርድ ማስታወሻ አይጻፉ።

ደረጃ 8፦ ይጻፉት፤ ይንገሩ፤ ይከታተሉት

ውሳኔውን በአንድ ገጽ ይጻፉ። ፈተናው ይህ ነው፤ አንድም ቃል ሳይቀይሩ ለሁለቱም ወገን ጮክ ብለው ሊያነቡት ይችላሉ? ካልቻሉ እንደገና ይጻፉት። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ከሰኞ ጀምሮ የሥራ ባልደረባችን በአዲሱ ስሟ ትጠራለች። ባጅና ስኬጁል ተቀይረዋል። ስለ ሰውነቷም ሆነ ስለ ሕክምናዋ ማንም አይጠይቃትም። የማንም ሠራተኛ እምነት እዚህ አይመረመርም፤ ማንም እንዲቀይርም አይጠየቅም። የሚጠየቀው የሥራ ቦታ አነጋገርና አያያዝ ነው፤ ለሁሉም እኩል ነው። የሚቆለፈው ክፍል ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። ቅሬታ ያለው ሰው ለእኔ ወይም ለኤች አር ይንገር፤ ቅሬታ ስላቀረበ ማንም አይጎዳም።»

ይህን ለቡድኑ ከማንበብዎ በፊት ለባለጉዳይዋ ያሳዩ፤ እንዲነገር የማትፈልገው ነገር ካለ ያውጡት። የእምነት ሰዋን ጥያቄ ለብቻዋ በጽሑፍ ይመልሱላት። የተፈቀደላትን፣ ያልተፈቀደላትን፣ ለምን እንደሆነም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱንም ለየብቻ ያነጋግሩ፤ ከአንድ ወር በኋላ ይድገሙት። ወሬያቸውን ብቻ አይስሙ፤ ስኬጁሉን ያውጡና ይመልከቱ። ከጠቡ ወዲህ የማን ሰዓት ቀነሰ? ኦቨርታይም ለማን ተሰጠ? ከባዱ ፎቅ ላይ በተደጋጋሚ የተመደበው ማን ነው? በቀል ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው፤ ያወጣው ሱፐርቫይዘር እንኳ ላያውቀው ይችላል። የተዛባ ካለ በሚቀጥለው ስኬጁል ያስተካክሉ፤ ያስተካከሉበትን ቀንም ፋይሉ ውስጥ ይጻፉ። ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ፣ በብዙ ስቴቶች ደግሞ በ300 ቀን ውስጥ መሆኑን ሁለቱም ሠራተኞች እንዲያውቁ ማስታወቂያው በሚያዩት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።